የግራ እግሩ አጥንት

ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

የቀኙ ጭን አጥንት አለቀ። ቀርከሃ ነው፤ ከጨንቻ የመጣ፣ ጭስ ጠጥቶ የደረቀ። ርዝመት 44 ሚ.ሜ.። በካሊፐር ደጋግሜ ለካሁት፤ አንድ ነው። የግራው ከትናንት በስቲያ አልቋል። አጥንቱን በጥንድ፣ ልብሱን አንድ በአንድ፤ የሥራ ሥርዓቴ ይህ ነው። ቀኙን በክብሪት ቀፎ አስቀመጥኩት። የግራው እግር ልብሱን ለብሶ ሳይቆም አይነካም።

ወገቤን ያመኛል። ጾሙም አለ። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መሥራት ዱሮ ሥራ አይባልም ነበር።

ያለፈው ደብተር ትናንት አለቀ። አንተ አዲስ ነህ፤ ስለ ምን እንደምለፋ አታውቅም። አንድ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ አልደግመውም።

ባለፈው መስቀል ልጄ ጽጌ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከሐዋሳ መጣች። አማቼ ለትንሹ ልጅ የፕላስቲክ መጫወቻ ይዞ ነበር። ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ሲያጣጥፉት ግን ክንፉ ወደ ጀርባው ይሄዳል፣ ሞተሮቹ እግር ይሆናሉ፣ ሮቦት ሰው ሆኖ ይቆማል። በማግስቱ ጉልበቱ ተሰበረ። ተመለከትኩት። ማጠፊያው የሌባ ሥራ ነው አልኩ። እኔ ብሠራው ለልጅ ልጁ ይተርፋል አልኩ። ጽጌ ፊቴን አላየችም፤ የያዝኩትን ብርጭቆ አየች። ጠላው በጠርዙ ይፈስ ነበር። በዚህ እጅ ነው አባባ? አለችኝ። በቀስታ ነው ያለችው። ሰው ሁሉ ሰማ።

ስለዚህ ተዋዋልን። በሚቀጥለው መስቀል፣ በቤተሰቡ ፊት፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን በገዛ እጄ ከአውሮፕላን ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አውሮፕላን ከለወጥኩት፣ «ሐዋሳ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ» የሚባለው ነገር ሁለተኛ አይነሣም። ካልቻልኩ ቤቱ ይከራያል፤ እኔም እሄዳለሁ። እጄን ዘርግቼ ጨበጥኳት። ነርስ ናትና ስትጨብጠኝ መንቀጥቀጡን እየለካች እንደ ነበር አውቃለሁ።

የልጅ ልጄ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አንድ ጃፓናዊ ለራሱ ደስታ የነደፈውን ከኢንተርኔት አውጥታ፣ በሰፋፊ ወረቀት አሳትማ ላከችልኝ። የቆርቆሮው ልብስ በልኩ ታትሟል፤ ወረቀቱን ለጥፎ መቁረጥ ብቻ ነው። አጥንቱ ግን እንደ ደንቡ በሦስት ዕይታ ነው የተነደፈው፤ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን። ያንን ማንበብ ለእኔ ዳዊት መድገም ነው። ጡረታ እስክወጣ የቴክኒክ ንድፍ ሳስተምር ኖሬአለሁ። በዚህ ከተማ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር ሰው ካለ፣ ወይ እኔ አስተምሬዋለሁ ወይ የእኔ ተማሪ አስተምሮታል።

በቃ። ደከመኝ።

ነሐሴ 6፣ ከሰዓት በኋላ

ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ከሴቻ ቁልቁለቱ ጉልበቴን ይበላዋል፤ አቀበቱን በባጃጅ ተመለስኩ።

የወዳጄ የሐጂ ከድር ሱቅ። የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጭኑን። ለማጠፊያዎቹ ዘንግ የሚሆን ሽቦ አጥቼ ስለ ነበር የተሰበረ ጃንጥላ ሰጠኝ። የጃንጥላ ሽቦ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ዝገት የማይደፍረው ነው። ዋጋ አልተቀበለኝም። በእርሱ ፈንታ ቀልዱን ያስከፍለኛል።

«ሰውዬው ደህና አደረ?» አለኝ ገና ከደጅ። ሮቦቱን ማለቱ ነው።

«ግራ እግሩ ላይ ነኝ።»

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ነገር አውሮፕላን ነው ሰው?»

«ሁለቱንም ነው።»

«እንግዲያው ሲጠሩት በየትኛው ስሙ አቤት ይላል?»

በደንበኞቹ ፊት ሳቀ። አርባ ዓመት ሙሉ ስቆብኛል፤ አንድም ቀን አልሰለቸውም። እኔንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልሰለቸኝም።

ነሐሴ 9፣ ጠዋት

የዘይት ቆርቆሮ ቀደድኩ። የግራው ጭን ልብስ ተቆረጠ፣ ታጠፈ፣ ተበየደ። መልካም ሥራ ነው፤ ስፌቱ አይታይም።

አጥንቱን አስገባሁ። ቀዳዳው አልገጠመም።

በትክክል ልጻፈው። ጭኑ ከዳሌው ጋር የሚያያዝበት ቀዳዳ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፤ ንድፉ ያዘዘው እንዲህ ነው፤ ከአጥንቶቹ ሁሉ እንዲህ ያለው ይህ ብቻ ነው። በልብሱ ላይ ያለው ቀዳዳና በአጥንቱ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ላይ ውለው የጃንጥላው ሽቦ በሁለቱም ማለፍ አለበት። የአጥንቱ ቀዳዳ 3 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ ሄዷል። ገልብጬ እንዳላስገባው ጉልበቱ በተቃራኒ ይታጠፋል።

ሦስት ሚሊ ሜትር። በእኛ ጊዜ መምህራችን በግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ወረቀቱን ቀድዶ በእጃችን ያስይዘን ነበር፤ የተቀደደውን ይዘን እስከ ምሳ እንቆማለን። አልጠላሁትም። እኔም ለተማሪዎቼ ያንኑ አደረግሁ።

ስሰረስር እጄ ሸሽቷል ማለት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ነሐሴ 11

በሞረድ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አሰፋሁት። ሽቦው አለፈ፤ ጭኑ ግን ዋለለ። እንደ ሰካራም እግር። ይህን በጽጌ ፊት አላቀርብም። የመጀመሪያው የግራ አጥንት ተበላሸ። ጣልኩት።

ዛሬ ቀኝ እጄን በጠረጴዛው ላይ አኑሬ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። እንግዳ ሆኖ የመጣ፣ መቼ እንደሚሄድ የማይናገር።

ነሐሴ 17፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጾሙ ተፈታ። አማረች ዶሮ ሠርታ አመጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልብሴን የምታጥብልኝ፣ ምሳዬን የምታስብልኝ እርሷ ናት። የጨንቻ ሰው ስለሆነች ሁለታችን በጋሞኛ እናወራለን፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ አማርኛ እንመለሳለን።

ሁለተኛው የግራ አጥንት ተሰርስሮ አለቀ። ከንድፉ ላይ እንደ ገና አንብቤ፣ እንደ ገና ለክቼ፣ በመርፌ ጫፍ ነጥብ አድርጌ። ገባ።

3 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ።

ሳስጨንቀው ተሰነጠቀ። ሁለቱን ስንጣሪ በመስኮት ወረወርኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ ወጥቼ ከቃሪያው ተክል መሐል ለቀምኩት።

ነሐሴ 22፣ ቀትር

ጽጌ ደወለች። ስለ ግፊቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ መድኃኒቴ ጠየቀች። ሁሉም መልካም ነው አልኩ። ሥራውስ? አለች። እየገፋ ነው አልኩ። ደህና ነዎት እንዴ፣ ድምፅዎ የደከመ ሰው ድምፅ ነው አለችኝ። ከአልጋ መነሣቴ ነው አልኩ፤ እኩለ ቀን ላይ።

ይህ ለአንተ ለደብተሬ ብቻ ነው። በሐምሌ ማንቆርቆሪያው ከእጄ አምልጦ የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ወረደ። አማረች ማር ቀብታ አሰረችልኝ። ለጽጌ እንዳትነግር አስማልኳት። አሁን ድኗል፤ ቆዳው ግን ገና ሮዝ ነው። ጽጌ ስትመጣ ካልሲ አደርጋለሁ።

ጽጌ ሞኝ አይደለችም። ነገሩ እንዲከፋኝ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሞኝ ብትሆን እረታት ነበር።

ነሐሴ 28

ሦስተኛው። በዚህ ጊዜ ጥበብ ተጠቀምኩ። የእጄን አንጓ በነጠላ ጫፍ ዕቃ ከሚነክሰው ሞርሳ ጋር አሰርኩት። እጅ የታሰረ እንደሆነ ወዴት ይሸሻል? በእጅ መሰርሰሪያው ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ሰረሰርኩ። አማረች በበር ብቅ ብላ አየችኝ፤ «አባባ፣ ማን አሰሮት?» አለች። ራሴ ነኝ አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ፈታሁት። አስገባሁት።

3 ሚ.ሜ. ወደ ውጭ።

አልሞረድኩትም። አልወረወርኩትም። ለቁጣም አቅም ያስፈልጋል። ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት፤ ክዳኑን ዘጋሁ። ሄጄ ተኛሁ፤ በጠራራ ፀሐይ።

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት

ጽጌን ደወልኩላት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ በተገቢው ሰዋስው። መጀመሪያ ጤንነቷን ጠየቅኩ። ቀጥዬ መስቀልን አብረን ካሳለፍን በኋላ ከእናንተ ጋር ወደ ሐዋሳ እመለሳለሁ፣ ተከራይ ይፈለግ አልኩ።

እስክትከራከረኝ ጠበቅኩ። ሥራው አላለቀም እንዴ፣ ገና ጊዜ አለ እንድትለኝ። አላለችም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ደስ ብሏታል። ስንት ጊዜ ፈርታ እንዳደረች በዚያ ድምፅ ገባኝ።

ስልኩን ዘግቼ ንድፎቹን ጠቀለልኩ። ከእግሩ በቀር ያለቀውን አውሮፕላን በፎጣ ሸፈንኩት። አፍንጫው ከፎጣው ብቅ ብሎ ቀርቷል። ተውኩት።

መስከረም 3፣ ከሰዓት በኋላ

ዓመቱ ተለወጠ። ምንም አልተለወጠም።

ተከራይ መጣ። ከካምባ ወደዚህ የተዛወረ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሚስትና ጡት የምትጠባ ልጅ አሉት። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። አልነገርኩትም፤ በራሱ ነው። ቤቱን አዞርኩት። በጓሮ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ወደደ። ቤቱ ሙሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል አባቴ፣ ሁለቱ ይበቁን ነበር አለ። ሙሉውን ነው የሚከራየው አልኩት፤ ቁጣ በተሞላ ድምፅ። ለምን እንደ ተቆጣሁ አላወቀም። እኔም።

ሲወጣ በፎጣው ሥር ያለውን አየ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የተጀመረ ነገር ነው አልኩት።

መስከረም 8፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጻፍ እጄ። ቀስ ብለህ ጻፍ።

ዕቃ እየሰበሰብኩ ነበር። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቀለልኩ። የግራውን ጭን ልብስ ባዶውን ባስቀምጠው ይጨፈለቃል ብዬ ውስጡን የሚደግፍ ነገር ፈለግሁ። የክብሪት ቀፎው እጄ ላይ ነበር። የቀኙን አጥንት፣ ከነሐሴ መጀመሪያ ያልተነካውን፣ አውጥቼ በግራው ልብስ ውስጥ ሰካሁት። ድጋፍ ይሁነው ብዬ ብቻ።

ልጠቀልለው ሳነሣው ብርሃን አየሁ።

በልብሱ ቀዳዳ ገብቶ፣ በአጥንቱ ቀዳዳ አልፎ፣ በወዲያኛው የሚወጣ ብርሃን። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። በቀዳዳው ውስጥ የአባያ ሐይቅ ውሃ ታየ፤ ቡናማ፣ ጸጥ ያለ። የጃንጥላውን ሽቦ አነሣሁ። አለፈ። ጭኑን አጠፍኩት። ታጠፈ። ጉልበቱ ወደሚገባው ወገን ሄደ። አልዋለለም።

የቀኙ አጥንት የግራው ነው።

ተቀመጥኩ። ደስታ አልነበረም። የመጣብኝ ነገር ከደስታ ይልቅ ብርድ ይመስል ነበር።

ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ፤ ከወር በፊት ማሰብ የነበረብኝን። የሚንቀጠቀጥ እጅ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይስታል። አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ይስታል። ሁልጊዜ በአንድ ወገን፣ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይስትም። ሦስት አጥንት፤ ሦስቱም 3 ሚ.ሜ.፤ ሦስቱም ወደ ውጭ። አንዱ እንኳ ከሞርሳ ጋር በታሰረ እጅ የተሰረሰረ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእጅ አይመጣም። ይህን በስንት ክፍል፣ ለስንት ልጅ አስተምሬአለሁ!

ንድፉን ዘረጋሁት። በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ በማዕዘኑ ላይ ሁልጊዜ አንድ ድንጋይ አኖርበት ነበር፤ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል። ዛሬ ድንጋዩን አነሣሁ። ከሥሩ ምልክቱ አለ። ሁለት ክብ፣ ከጎኑ አንድ አናቱ የተቆረጠ ሾጣጣ።

እኔ በተማርኩት ሥርዓት ከግራ የታየው ነገር በቀኝ ይሣላል፤ ከላይ የታየው ከታች ይሣላል። በሌላው ሥርዓት ከግራ የታየው እዚያው በግራ፣ ከላይ የታየውም እዚያው ከላይ ይሣላል። ወረቀቱ በየትኛው እንደ ተነደፈ የሚናገረው ያ ትንሽ ምልክት ነው፤ የእኔ ወረቀት በሌላው ነው። ሳያዩት ያነበቡት እንደሆነ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይሠራል። ለተማሪዎቼ የማስተምረው የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፤ መስመር ከማስመራችሁ በፊት ማዕዘኑን ተመልከቱ።

አላየሁትም ብል ውሸት ነው። በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ይህ ጥግ ለምንም አያስፈልግም ብዬ ድንጋይ የጫንኩበት እኔ ነኝ። ዓለም እኔ እንደተማርኩት ብቻ የሚነድፍ መስሎኝ።

እጄን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

መስከረም 9

ሲቀላ ወረድኩ። ለሐ/ከድር ሁሉንም ነገርኩት፤ ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ። ሚዛኑን ትቶ፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ይህ ለእርሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«ስለዚህ ሰውዬው ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «ታመህ የነበርከው አንተ ነህ።»

«እንደዚያ በለው።»

«ለጽጌስ ምን ልትላት ነው?»

እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ድንጋዩን ግን አምጣልኝ አለ፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሊያኖረው፤ ዕውቀት የበዛበት ሰው ሁሉ እየመጣ እንዲቀመጥበት። ሳቅሁ። ወገቤን ያመመኝ ቢሆንም ሳቅሁ።

ስመለስ ግን ከሳቁ የተረፈኝ ጥያቄው ነበር። እጄ ነጻ ወጣ። ራሴስ? ጽጌ የምትፈራው እጄን ብቻ ነውን? በያዘው ነገር እርግጠኛ ሆኖ በዚያው የሚሄድ ሽማግሌን ነው የምትፈራው። ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጅ የሚያነሣ፣ በሁለት እጅ ማንሣት የሚያሳፍረው።

መስከረም 12፣ ጠዋት

ሥራ። የቀኙ ጭን ልብስ ተቆረጠ፣ ታጠፈ። ለእርሱ የሚሆነው አጥንት «የግራ» እያልኩ የሠራኋቸው ነበሩ። የመጀመሪያውን በሞረድ አጥፍቼዋለሁ። ሁለተኛው ተሰንጥቋል። የስኳሩን ቆርቆሮ ከፈትኩ።

ሦስተኛው ደህና ነው። ከድካም የተነሣ ያልነካሁት። ያን ቀን ጥቂት ብርታት ቢኖረኝ ኖሮ አበላሸው ነበር።

ገጠመ። በታሰረ እጅ የተሰረሰረ ቀዳዳ፤ ሽቦው ሲያልፍ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

መስከረም 13

አማረች ቤት ልታጸዳ መጣች። ለበዓሉ ግድግዳውን ሁሉ ታጥባለች። ስለ ጽጌ መምጣት አወራን። ድንገት መጥረጊያዋን አቁማ፣ ያን የእግሮትን ነገር ነግረዋታል? አለችኝ። አልነገርኩም አልኳት።

«አባባ፣ የተደበቀ ነገር ተይዞ ማስቃላ አይገባም። ጎሜ ይሆናል። እኔንም አስምለውኛል፣ በእኔም ላይ ነው።»

ማስቃላ የምንለው መስቀልን ነው፤ ጎሜ የሚሉት ደግሞ የተሰወረ ጥፋት በቤት ላይ የሚያመጣውን ጠንቅ ነው። እኔ በቤተ ክርስቲያን ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን እምነት ከልጅነቴ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ለአማረችም እንዲሁ አልኳት፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ አልኩ። እሺ አለች፤ እንደሚታዘዝ ሰው ሳይሆን እንደምትታገሥ ሴት።

ነገር ግን እናቴ ታወሰችኝ። መስቀል ሲቃረብ በበሩ ትቆምና የደበቀችውን ሁሉ ትናገር ነበር። የተሰበረ እንስራ፣ ለጎረቤት ሳትመልስ የቀረችው ቅል፣ በአባቴ ላይ በልቧ ያለችው ክፉ ቃል። አባቴ ሸማውን እየሠራ፣ እጁን ሳያቆም ይሰማል። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ ይኸው ወጣ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ አይነሣም። በዚያ ቤት የተደበቀ ነገር ተይዞ በዓል አልተገባም።

አማረችን ከመሐላዋ ፈታኋት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ አልኩ።

መስከረም 15፣ ከሰዓት በኋላ

ግራጫው ቀለም ደረቀ። በክንፉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር። እጅ የሠራው መሆኑን የሚናገር አንድ መንቀጥቀጥ በመስመሩ መሐል አለ። አላጠፋሁትም።

ፈተንኩት። አፍንጫው ወደ ደረት ተሰበሰበ። ክንፎቹ ወደ ጀርባ ሄዱ። ሞተሮቹ ወርደው እግር ሆኑ። ክንዶቹ ከሆዱ ሥር ወጡ። ቆመ። በሁለት እግሩ፣ ያለ ድጋፍ፣ በጠረጴዛዬ ላይ።

እጄ እንደ ሸምበቆ እየተርገፈገፈ ነው የለወጥኩት። ዘንጉን ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው አገኘሁት። ማጠፊያዎቹ ግን ይታገሣሉ። ላልጸና እጅ የሚሆን ነገር ሠርቻለሁ፤ ሳላስበው።

መልሼ አውሮፕላን አደረግሁት። እንደገና ሰው። አንገቱ ትንሽ ይይዛል፤ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። አለቀ።

ውሉን አሸንፌአለሁ። ተቀምጬ ስመለከተው ማሸነፌ ብዙም አልደነቀኝም። ደክሞኛል።

መስከረም 16፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መንገድ ላይ ናቸው። ጽጌ ከወላይታ ደውላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋና ቅቤ ይሸታል፤ ከታች በኩል ዮ! ማስቃላ የሚሉ ድምፆች ከአሁኑ ይሰማሉ። አዲስ አበባ ሸማ የሚሠሩት የዘመዶቼ ልጆች ትናንት ገብተዋል፤ ወደ ጨንቻ ሲወጡ በደጄ አልፈው ሰላም አሉኝ።

ካልሲ አላደረግሁም።

የወሰንኩትን ልጻፍ። ሲመጡ ሐሳቤን እንዳልለውጥ በቀለም ይቀመጥ።

አንደኛ ነገር፣ ሮቦቱን ከማሳየቴ በፊት እናገራለሁ። በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ካሸነፉ በኋላ መናገር ጉራ ነው። ስለ ማንቆርቆሪያው፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ድንጋዩ። አማቼም ይሰማ። ይስቅ እንደሆነም ይሳቅ፤ መሳቅ መብቱ ነው፤ የማጠፊያውን ሠሪ ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ፣ በጳጉሜን በስልክ የሰጠኋትን ቃል ከፊቷ ቆሜ እመልሳለሁ። በሕይወቴ የሰጠሁትን ቃል መልሼ አላውቅም። ይህኛው ግን በተሳሳተ ንባብ ላይ የተሰጠ ቃል ነው። እጄ አልቋል ብዬ ሰጠሁት፤ እጄ አላለቀም። ሐዋሳ አልሄድም።

ነገር ግን ፍርሃቷ ትክክል ነው። ስለዚህ ብቻዬንም አልኖርም። ዛሬ ጠዋት ከካምባ የተዛወረውን ወጣት በስልክ አግኝቼ የጓሮዎቹ ሁለት ክፍሎች የእርሱ እንደሆኑ ነገርኩት። ሚስቱ ማታ ማታ በራፌን አንኳኩታ እንድትጠይቀኝ ጠየቅሁ። ጠየቅሁ። ይህን ቃል ስጽፈው ከ3 ሚ.ሜ. ይበልጥ ከበደኝ። ወጣቱ፣ አባቴ፣ ባይነግሩንም እናደርገው ነበር አለኝ።

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጅ አነሣለሁ። ይህንንም እነግራታለሁ።

ሮቦቱን በጠረጴዛው ላይ በአውሮፕላንነቱ አኖርኩት። ከጎኑ ድንጋዩ አለ፤ ለሐ/ከድር ከመስጠቴ በፊት ጽጌ ማየት አለባት። ሜሮን ንድፉን ስትጠይቀኝ ማዕዘኑን አሳያታለሁ። መስመር ከማስመርሽ በፊት…

የመኪና ጥሩምባ። እነርሱ ናቸው። አማረች ልትከፍት ሮጠች፤ አስቆምኳት። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።